ከካሚዮኑ ጥላ ሥር

ሠዓሊ አልወድም ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ፎቶ ቤት ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሠዓሊ ማለት ለእኔ ካሜራ መግዛት ያቃተው ሰው ነበር። እኔ ኑሬ የሰውን ፊት እንዳለ አነሳለሁ፤ ካነሳሁ በኋላም አሳምረዋለሁ። ብጉር አጠፋለሁ፣ የተጨማደደ ኮሌታ በብሩሽ እተኩሳለሁ፣ ተወራጭቶ እጁ የደበዘዘበትን ሕፃን ጣት በጣት መልሼ እሠራለሁ። ከሞያሌ እስከ ሞምባሳ እንደ ኑሬ ፎቶ የሚያጸዳ የለም ይባላል። ባይባልም እኔው እለዋለሁ።

ተክሉ ወደ ፎቶ ቤቴ የመጣው በ1980 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ነው። የጎጃም ቄስ ልጅ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከአጎቱ ተምሮ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ፣ አሁን ካሳራኒ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ለቱሪስት ቅዱስ ጊዮርጊስን በፍየል ቆዳ ላይ ይሥላል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጥፍሩ ውስጥ ቀለም የማይጠፋ ሰው ነው። ከኪሱ ፖስታ አወጣና አምስት ትናንሽ ፎቶዎች ባንኮኒው ላይ ደረደረ።

«ጋሽ ኑሬ፣ እነዚህን አሳድግልኝ። ሩንዳ የምትኖር ፈረንጅ ናት የሰጠችኝ፤ ሥዕል አዝዛኛለች። ያንን የመጋቢቱን ውጊያ።»

ግራ ቀኝ አየሁ። በዚያ መጋቢት ሰሜን ውስጥ ትልቅ ውጊያ ተደርጎ ብዙ ወታደር መማረኩን የውጭ ሬዲዮ ሲያወራ ሰንብቷል፤ የአገራችን ሬዲዮ ስለ ማዳበሪያ ያወራ ነበር። ናይሮቢ ውስጥ ደግሞ የደርግ ጆሮ ጠቢ አይጠፋም። በሩን ዘጋሁና ፎቶዎቹን ወደ መብራቱ አስጠጋኋቸው።

አንድ የውጭ አገር ጋዜጠኛ ከተዋጊዎቹ ጋር በእግሩ ገብቶ ያነሳቸው ናቸው። አንደኛው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ተቃጥለው የቀሩ ካሚዮኖች ነው። ሌላው የጫማ ክምር። ሌላው ታንክ ላይ ተቀምጣ የምትስቅ ጎፈሬያም ልጅ። ሌላው መጨረሻው የማይታይ የምርኮኛ ሰልፍ። አምስተኛው ከካሚዮን ጥላ ሥር የተኙ ወታደሮች።

«ውጊያው የታለ?» አለኝ ተክሉ።

«የምን ውጊያ?»

«ሴትዮዋ ውጊያ ሣልልኝ ነው ያለችኝ። እዚህ ውስጥ አንድ የሚተኩስ ሰው የለም እኮ።»

ሳቅሁበት። «ጥይት እየዘነበ ቆሞ የሚያነሳ ሰው ሲኒማ ቤት ነው ያለው። ካሜራ የሚደርሰው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፣ ወንድሜ።»

«እንግዲያው ካሜራው ያልደረሰበትን እኔ እሞላለሁ» አለ። ሲናገር ጉራ አልነበረበትም፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ፎቶዎቹን ግን ሳላደንቅ ማለፍ አልቻልኩም። የጋዜጠኛውን ስም እንኳ አላውቀውም፤ ከኋላቸው በእርሳስ የተጻፈው ቁጥርና ቀን ብቻ ነው። ሥራውን ግን አወቅሁት። የተኙትን ወታደሮች ያነሳው ቆሞ አይደለም። እሱም መሬት ላይ ተኝቶ፣ ጉንጩን አፈር አስነክቶ ነው። የተሸነፈን ሰው ቁልቁል ማየት ቀላል ነው፤ ይህ ሰው ግን ቁልቁል አላያቸውም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደንበኛን በርጩማ ላይ ሳስቀምጥ እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም። ቀናሁበት፤ ደስም አለኝ።

በማግስቱ ጨለማ ክፍሌ ገብቼ አምስቱንም በትልቁ አተምኳቸው። አምስተኛው ላይ ከሁሉም ፊት የተኛው ወታደር እጅ ተበላሽቶ ነበር። ሰውየው በጀርባው ተንጋሏል፣ ራሱን ከረጢት ላይ አሳርፏል፣ ዓይኑ ተከድኗል፤ ከቅንድቡ በላይ አሮጌ ጠባሳ አለው። መሞቱን አልተጠራጠርኩም። ቀኝ እጁ ግን ከደረቱ በላይ ጭስ ይመስላል፤ ጣት የለው፣ መዳፍ የለው። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ደግሞ እጄን ይበላኛል። በምላጭ ፋቅሁ፣ በቀጭን ብሩሽ ሞላሁ። አምስት ጣት፣ ቀጥ ያሉ፣ የተጋጠሙ፣ ደረቱ ላይ ያረፉ። ጥፍር ሳይቀር አወጣሁለት። ተክሉ ሲያየው «ፓ!» አለ። ከሠዓሊ አፍ የወጣ ነውና ሳምንቱን ሙሉ ስደሰትበት ከረምኩ።

የሥዕሉ ሸራ ሦስት ሜትር ስለሆነ የተክሉ ክፍል አልያዘውም። መላ ያመጣችው ሙሉመቤት ናት። ሙሉመቤት መሃል ከተማ ምግብ ቤት ያላት የደሴ ሴት ናት፤ እሷ ስትቆጣ ውጭ ያሉት ሚኒባሶች፣ ማታቱዎቹ እንኳ ጡሩምባቸውን የሚያቆሙ ይመስለኛል። ከምግብ ቤቱ ጀርባ የቢራ ሣጥን የምታስቀምጥበትን ክፍል ለቀቀችለትና በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀለች። ሥዕሉ የምን እንደሆነ ስንነግራት የሰቀለችውን መጋረጃ ደግማ አስተካከለች። ታናሽ ወንድሟ ዓለምሰገድ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው ያለው። ደብዳቤው ከቆመ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። እናታቸው ስትሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት። ስለ እሱ ማንም አያነሳባትም፤ እሷም አታነሳም።

በየከሰዓቱ ሥዕሉን ለማየት መሄድ ጀመርኩ። የሄድኩት ለመተቸት ነው፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ግን ሥራዬ አፌን ዘግቼ የቢራ ሣጥን ላይ መቀመጥ ሆነ። ተክሉ ውጊያውን ከፎቶዎቹ ውስጥ መዝዞ አወጣው። ከተቃጠሉት ካሚዮኖች ተነስቶ እሳቱን አነደደው። ከጫማው ክምር ተነስቶ ባዶ እግራቸውን ዳገት የሚሮጡ ሰዎችን ሣለ። ያቺ የምትስቀው ልጅ ገና ሳትስቅ፣ ጥርሷን ነክሳ ቁልቁለት ስትወርድ አሳየን። በዚያ ፎቶ ላይ ሳቋ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ፎቶ አንሺው የሆነውን አየ፤ ተክሉ ደግሞ ከመሆኑ በፊት የነበረውን አየ። ሁለቱም ተገናኝተው አያውቁም፤ ሥራቸው ግን እንደ ሁለት ወንድማማች ይተጋገዝ ነበር።

«አንድ ነገር ቸግሮኛል» አለኝ አንድ ቀን ተክሉ። «እኛ ስንሥል ደጉን ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው፤ ክፉውን በጎኑ፣ ባንድ ዓይኑ። አጎቴ ያስተማረኝ እንዲያ ነው። እዚህ ግን ማንን ባንድ ዓይን ልሣል?»

«ደጎቹ ያሸነፉት ናቸው ወይስ የተሸነፉት?» አልኩት፤ ነገር ፍለጋ።

«ይሄ የማን ልጅ ነው? ያቺስ የማን ናት?» አለና ብሩሹን ነክሮ ፊቱን አዞረ። ለሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን ሰጣቸው፤ ለሚተኩሰውም፣ ለሚሸሸውም። ሦስት ቀን ፈጀበት፤ እኔም ሦስቱንም ቀን ሱቄን ዘግቼ አየሁት። ሠዓሊ አልወድም ማለት ያቆምኩት በዚያ ሳምንት ነው።

ከካሚዮኑ ጥላ ሥር የተኛውን ወታደር ከግርጌ፣ መሃል ላይ አስቀመጠው፤ ከሌሎቹ ሁሉ አግዝፎ። በእነሱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተለቅ ተደርጎ የሚሣል የሚከበር ሰው ነው። እጁን ከእኔ ፎቶ እንዳለ ገለበጠው። ፊቱን የሠራው በመጨረሻ ነው፤ ጠባሳውንም አልረሳም።

እሱን ሲጨርስ ሙሉመቤት ሻይ ይዛልን ገባች። ትሪው ከእጇ አልወደቀም። ቀስ ብላ ሣጥን ላይ አስቀመጠችው፣ ወደ ሥዕሉ ቀረበች፣ እርጥቡን ቀለም እንዳትነካ ጣቷን ትንሽ አርቃ ጠባሳውን ተከተለችው።

«ይሄን ሰው የት አገኘኸው?» አለችው።

«ከፎቶ ነው፣ እትዬ ሙሉ።»

«ምድጃ ላይ ወድቆ ነው» አለች። «አራት ዓመቱ ነበር። ጠብቂው የተባልኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጮኸች። ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ከገበታው ተነስቶ መጣ።

ወንበሩ ተነስቶ ፍራሽ ተነጠፈ። ጋሽ አየለ መጣ፤ አገር ቤት ዳኛ የነበረ፣ እዚህም የማኅበሩ ሽማግሌ የሆነ፣ ያላጣራውን ነገር የማይቀበል ሰው ነው። «ሠዓሊ ከሐሳቡም ይሥላል፤ ፎቶው ይምጣ» አለ። ሮጬ ትልቁን ፎቶ አመጣሁ። ጋሽ አየለ ለረጅም ጊዜ አየውና መነጽሩን አወለቀ። ሙሉመቤት መልሱን ከፊቱ አነበበችው።

«እጁን እዩልኝ» አለች ከለቀስተኞቹ አንዷ፣ ፎቶውን ተቀብላ። «ገንዘውታል! ጣቱን ሰብስበው ደረቱ ላይ አሳርፈውለታል። ጠላትም ቢሆኑ ደህና ሰዎች ናቸው።»

ሙሉመቤት ይህን ያዘችው። ለቅሶ ሊደርስ ለመጣ ሁሉ ፎቶውን እያሳየች «ሜዳ ላይ አልጣሉትም፤ ገንዘውታል» ትላለች። እኔም ከለቀስተኞቹ ጋር ተቀምጬ «አላህ ያጽናሽ» እላታለሁ። እውነቱን ከተናገርን ውስጥ ውስጡን ኩራት ነገር ተሰምቶኝ ነበር። እጁን እንደዚያ አድርጌ ባላስተካክለው ኖሮ በምን ትጽናና ነበር እል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጎን ጠራችኝ። «ጋሽ ኑሬ፣ ፊቱን ብቻ ለይተህ አውጣልኝ። ለአርባው የምይዘው የለኝም።»

ትልቁ ፎቶ ብሩሼ የነካው ስለሆነ ከእሱ ላይ ደግሞ ማሳደግ አይሆንም። በጠዋት ሱቄ ገብቼ ትንሿን፣ የፈረንጇን ፎቶ አወጣሁና አጉሊ መነጽር አስቀመጥኩባት። ያ ጭስ የሚመስል እጅ እንደገና ፊቴ መጣ። «ምን ሆኖ ነው ግን እጁ ብቻ የተበላሸው?» አልኩ ለራሴ። እንደ ዋዛ ነው ያልኩት።

ፎቶው የተነሳው ጥላ ውስጥ ነው። ጥላ ውስጥ ካሜራ ዓይኑን ቶሎ አይከድንም፤ በቂ ብርሃን እስኪያገኝ ትንሽ ይቆያል። በዚያች መሃል ዝም ያለ ነገር ጥርት ብሎ ይወጣል፤ የተንቀሳቀሰ ነገር ይደበዝዛል። በቀን አሥር ጊዜ ደንበኛዬን «አትንቀሳቀስ!» ብዬ የምጮኸው ለዚህ ነው። መነጽሩን ከዳር እስከ ዳር አዞርኩት። የካሚዮኑ ጎማ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። የጫማው ማሰሪያ ይቆጠራል። ጠባሳው፣ ጢሙ፣ የከረጢቱ ስፌት ሁሉ ጥርት ብሏል። የደበዘዘው እጁ ብቻ ነው።

ክው አልኩ። ሬሳ እጁን አያንቀሳቅስም። ይህ ሰው ፎቶው ሲነሳ በሕይወት ነበር፤ የገነዝኩት እኔ ነኝ። በምላጭና በብሩሽ፣ ጥፍር ሳይቀር።

ባለቤቴ ጦይባ ምሳ ይዛ ስትመጣ በርጩማው ላይ ፈዝዤ አገኘችኝ። ነገርኳት። መነጽሩን ወስዳ አየችና «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ።

«ከተነሳ ከሁለት ወር በላይ ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ሞቶ ከሆነስ? ሁለት ጊዜ ላስለቅሳት ነው?»

«ስለ እሷ ነው የፈራኸው ወይስ ስለ ስምህ?»

«ስለ ሁለቱም» አልኩ፤ ጦይባን መዋሸት አልችልበትም።

«በል እንግዲያው የእሷን ፍርሃት ለእሷ ተውላት። ሃራካ፣ ቶሎ ተነስ! የራስህን ደግሞ መንገድ ላይ ትፈራዋለህ።»

ትንሿን ፎቶና አጉሊ መነጽሩን ይዤ የተሳፈርኩበት ማታቱ ውስጥ በእርግጥም ፈራሁ። አሥራ አንድ ዓመት የገነባሁት ስም ነው። ኑሬ የሰው ፎቶ አጭበረበረ፣ በሕይወት ያለ ሰው ገደለ ሊባል ነው። አንድ ፌርማታ ላይ ልወርድ ተነስቼ እንደገና ተቀመጥኩ።

ስደርስ ክፍሉ በለቀስተኛ ሞልቷል። ተክሉም ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ቆሜ፣ አንዴም ሳላርፍ፣ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ጭሱን፣ ምላጩን፣ ብሩሹን። «ያ የምታሳዩት እጅ የእሱ አይደለም፤ የእኔ ሥራ ነው። ማንም አልገነዘውም» አልኩ። ቀድማ «ገንዘውታል» ያለችው ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሙሉመቤት ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

ጋሽ አየለ ችሎት ላይ እንዳለ ሰው ተነሳ። «ያነሳው ሰውዬ እጁ ተንቀጥቅጦ ቢሆንስ?»

«እሱ ቢንቀጠቀጥ ሁሉም ይደበዝዝ ነበር። ጎማውን ይዩት፣ ጋሽ አየለ፤ ጽሑፉን ያንብቡት።»

አጉሊ መነጽሩን ይዞ አነበበ። «ነፋስስ?»

«ነፋስ ልብስ ያነሳል፤ ክንድ አያነሳም። ልብሱ ደግሞ ጥርት እንዳለ ነው።»

«ሌላ ሰው እጁን ይዞ ሲያነሳለትስ?»

«የያዘው ሰው እጅ የታለ?»

ጋሽ አየለ ወደ ፎቶው ጎንበስ አለ። ደግሞ አየ። «እኔ ዳኛ ብሆን በዚህ ማስረጃ የሞት የምስክር ወረቀት አልሰጥም ነበር» አለና ትንሿን ፎቶ ለሙሉመቤት አቀበላት።

ከፍራሹ ሳትነሳ አጉሊ መነጽሩን ዓይኗ ላይ አደረገች። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየችው አላውቅም። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው።

«ዝንብ» አለች። «ዝንብ እያባረረ ነው! ከልጅነቱ ዝንብ አይችልም። እንቅልፍ ወስዶት እንኳ እጁ አያርፍም ነበር። ጎኑ ተኝቼ ስንት ጊዜ በጥፊ መትቶኛል!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያን ቀን ነበረ ማለት ነው?»

«ያን ቀን ነበረ። ከዚያ ወዲያ ግን አላውቅም፣ ሙሉዬ።»

«ከዚያ ወዲያ ማን ጠየቀህ?» አለችኝ፤ ድምጿ ተመልሶ ነበር። ተነሳች፣ የጠቆረ ነጠላዋን አወለቀች፣ ለቀስተኛውን ዙሪያውን አየችው። «ተነሱ ከፍራሼ ላይ! በቁሙ ላለ ሰው ይለቀሳል? ወንበሩን መልሱ፤ ምሳ ሳትበሉም እንዳትሄዱ።» ሰው እንባውንና ሳቁን መለየት አቅቶት ፍራሽ ያነሳ ጀመር። እንደዚያ ያለ ሴት አይቼ አላውቅም። ያደረግሁባትን ሁሉ አውቃለች፤ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም።

በዚያው ከሰዓት ተክሉ ከሥዕሉ ፊት ቆሞ ራሱን ያክ ነበር። «ድብዝዝ ያለ ነገር እኛ ዘንድ የለም፣ ጋሽ ኑሬ። አጎቴ አላስተማረኝም። የሚንቀሳቀስ እጅ እንዴት ነው የሚሣለው?» ሁለት ቀን አሰበበት። ከዚያ የወታደሩን ዓይን ገለጠና ሦስት ቀኝ እጅ ሠራለት፤ አንዱን ደረቱ ላይ፣ አንዱን ከፍ ብሎ፣ አንዱን ከፊቱ አጠገብ። ሦስቱም ያማሩ፣ ሦስቱም ሙሉ ጣት ያላቸው። ብታዩት አንዱ እጅ ወዲያና ወዲህ ሲል ታዩት ነበር። እኔ በካሜራዬ አንድ መቶ ዓመት ብሠራ እንደዚያ ያለ ነገር አላስብም፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነገርኩት። ጆሮው ቀላ።

የሩንዳዋ ሴት ሥዕሉን ልትወስድ ስትመጣ ነገሩን ሰምታ ቆማ አለቀሰች። ለጋዜጠኛው ጻፈች፤ ለቀይ መስቀልም የዓለምሰገድን ስም ከፎቶው ጋር ላከች። መልስ ገና አልመጣም። እሱ ባለበት አገር ፖስታ እንዴት እንደሚሄድ እናውቃለን፤ እንጠብቃለን።

ሥዕሉ የሄደ ቀን ሙሉመቤት ወደ ሱቄ መጣች። ካሳ ልትጠይቀኝ ቢሆን እሰጣት ነበር። «እጁን ብቻ አሳድግልኝ» አለችኝ። «ከትንሿ ላይ። ትልቅ አድርገህ።»

«ሙሉዬ፣ እጁ ብቻውን ሲያድግ ምንም አይታይም። ግራጫ ነገር ነው የሚወጣልሽ።»

«ለአንተ አይታይህ ይሆናል። ብሩሽህን ደግሞ እንዳታስነካው።»

አላስነካሁትም። የትሪ ያህል አድርጌ አተምኩት፤ ከራሴ ሥራ ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው፤ ምንም አልሠራሁበትምና። አሁን ምግብ ቤቷ ውስጥ፣ ከእጅ መታጠቢያው በላይ፣ በመስታወት ተሰቅሏል። ባለፈው እሑድ እዚህ የተወለደ አንድ ወጣት እጁን እየታጠበ ቀና ብሎ ፎቶውን አየና «ማማ ሙሉ፣ ይሄ ፒቻ ምንድነው? ክላውድ ነው... ደመና?» አላት።

ሙሉመቤት የያዘችውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ወንድሜ ነው» አለችው። «ዝንብ እያባረረ ነው።»